አርባ ሊትር ውሃ፣ አንድ ሊትር ሲረፕ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የካቲት ሲገባ ከሚኒሶታ፣ ከኦሃዮና ከኦንታሪዮ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ስለ አንድ ነገር ይሆናሉ፤ ስለ ሜፕል ዛፍ። ብዙው ጠያቂ ዛፉ ማር የሚያፈስ ይመስለዋል። ግንዱ ሲበሳ የሚያፈሰው ግን ውሃ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ጣፋጭነቱ ምላስ ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ውሃ። አገሬው ‹ሳፕ› ይለዋል። ሲረፕ፣ ማለትም ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ፣ የሚሆነው እሳት ላይ ነው። የዘንድሮ መልሶቻችን ከዛፉ ይልቅ ስለ ድስቱ ያበዙትም ለዚህ ነው። ዕቃው በኢንችና በፋራናይት ስለሚሸጥ፣ በሚያስፈልግበት ቦታ ልኩን በሁለቱም አስቀምጠናል።

«ባለፈው ሰመር የገዛነው ቤት ጓሮ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ዛፎች አሉ። ጎረቤታችን ሜፕል ናቸው ይላል፤ አሁን ግን ቅጠል የላቸውም። እኔ ደግሞ ከባሕር ዛፍና ከጽድ በቀር ዛፍ አልለይም። በምን ልወቃቸው? ከሆኑስ ስንት ቀዳዳ ይችላሉ? ዛፉን አይጎዳውም?»
ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ቅጠል ባይኖርም ቅርንጫፉ ይናገራል። ቀጫጭኑን ጫፍ ይመልከቱ፤ ቀንበጦቹ ፊት ለፊት፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከወጡ ሜፕል ሊሆን ይችላል። አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተፈራርቀው ከወጡ ሜፕል አይደለም፤ እዚያው ይተዉት። እንደ ሜፕል ጥንድ ጥንድ ከሚያወጡት ትልልቅ ዛፎች ዋነኛው አሽ ነው፤ የእሱ ቀንበጥ ግን ከሜፕል ይልቅ ወፍራምና ደንዳና ነው። የስኳር ሜፕል እንቡጥ ቡናማና እንደተቀረጸ እርሳስ የሾለ ነው። የቀይ ሜፕልና የብር ሜፕል እንቡጥ ደግሞ ቀላ ብሎ ድቡልቡል ይላል። ከዛፉ ሥር በረዶውን ገፋ አድርገው የአምናውን ቅጠል ቢፈልጉም አይከፋም።

ሜፕል የተባለ ሁሉ ሳፕ ይሰጣል፤ ልዩነቱ የስኳሩ መጠን ነው። የስኳር ሜፕል ሳፕ ውስጥ ከመቶ 2 ገደማ ስኳር አለ። በቀይ፣ በብር እና ‹ቦክስ ኤልደር› በሚሉት ሜፕል ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 86ን ለስኳሩ መቶኛ ያካፍሉ። ስኳሩ 2 ከሆነ ለአንድ ሊትር ሲረፕ 43 ሊትር ሳፕ፣ 1.5 ከሆነ 57፣ 1 ብቻ ከሆነ 86 ሊትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሁለቱ ዛፎች አንዱ የስኳር ሜፕል፣ ሌላው የብር ሜፕል ቢሆን የሁለተኛው እንጨትና ጋዝ ሊያስቆጭ ይችላል።

ስንት ቀዳዳ ላሉት፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ወስደው ግንዱን በደረትዎ ከፍታ ይጠምጥሙ። ዙሪያው 95 ሴንቲሜትር ካልሞላ ዛፉ ገና ነው። ከ95 እስከ 150 አንድ ቀዳዳ፣ ከ150 በላይ ሁለት ይበቃዋል። ለግዙፍ ዛፍ ሦስት የሚፈቅዱ አሉ፤ እኛ ግን ለጓሮ ሰው ሦስተኛዋን አንመክርም።

ጉዳቱን በተመለከተ፣ ዛፍ ቁስሉን አያድንም፤ ያጥረዋል። ከቀዳዳው በላይና በታች ረዘም ያለ ቡናማ መስመር የሞተ እንጨት ይሆናል፤ እዚያ ላይ ዳግመኛ ሳፕ አይሄድም። ጤነኛ ዛፍ የቀዳዳውን አፍ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ውስጥ ይዘጋዋል። የከርሞውን ቀዳዳ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ ያድርጉ፤ ከአሮጌው ቀጥታ በላይ ወይም በታች በፍጹም አይብሱ። የታመመ፣ ጫፉ የደረቀ ዛፍ አይነካም። መንገድ ዳር ያለውም ብዙ ጊዜ የማዘጋጃ ቤት ንብረት ስለሆነ ሳይጠይቁ እንዳይሞክሩት።

«ትናንት ባልዲዬ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ዛሬ ጠብታ የለም። ሰማዩም ብሩህ ነው፣ ፀሐይም አለ። ቀዳዳው ተደፍኖ ይሆን? አዲስ ልብሳ?»
ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ

አይብሱ፤ አልተደፈነም። ትናንት ማታ ቴርሞሜትሩ ስንት ላይ እንዳደረ ይዩ። ሜፕል የሚያፈሰው ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ቀኑ ከዜሮ በላይ ሲወጣ ነው፤ ለምሳሌ ሌሊት ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች፣ ቀን ከ4 እስከ 7 ከዜሮ በላይ። በእንጨቱ ውስጥ አየር የያዙ ጥቃቅን ክሮች አሉ። ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየሩ ይኮማተራል፣ በዙሪያውም በረዶ ይጋገራል፤ ግንዱም ከሥር ውሃ ይስባል። ቀን በረዶው ሲቀልጥ የታመቀው አየር ይለቀቅና ውሃውን ይገፋዋል፤ ግፊቱ በእርስዎ ቀዳዳ በኩል መውጫ ያገኛል። ሌሊቱ ሳይበርድ ካደረ ዛፉ አልተሞላም ማለት ነው፤ ፀሐይ ብትወጣም የሚገፋ ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ከዜሮ በታች ከዋለም እንዲሁ ነው።

በእርስዎ አካባቢ ወቅቱ አብዛኛውን ጊዜ ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ነው፤ ኦሃዮ ላይ በፌብሯሪ ይጀምራል። የሚኒሶታ ነባር ሕዝብ አኒሺናቤዎች ወሩን ራሱን በሳፕ ማፍላት ሰይመውታል። ከካሌንደር ይልቅ ግን የ10 ቀን የአየር ትንበያ ይሻላል። አንድ ቀዳዳ ከተበሳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ያፈስሳል፤ ከዚያ ባክቴሪያ ያፍነዋል። በጃንዋሪ አንድ ሞቃት ቀን አይቶ የቸኮለ ሰው በማርች ደረቅ ቀዳዳ ይዞ ይቀራል። በጥሩ ቀን ከአንድ ቀዳዳ ከ4 እስከ 8 ሊትር፣ በወቅቱ ሙሉ 40 ሊትር ገደማ ይጠብቁ።

«ባለቤቴ ከሥራ ቦታው የቀለም ባልዲ አጥቦ አመጣ። እኔም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በጣም የሚያምሩ የድሮ የቆርቆሮ ባልዲዎች ከነስፓይላቸው አገኘሁ። የቱን እንጠቀም? አበሳሱንም በዝርዝር ብትነግሩን።»
ከኦታዋ፣ ካናዳ

ሁለቱንም አይጠቀሙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ 40 ሊትር ውስጥ የገባ ማንኛውም ነገር አንድ ሊትር ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀራል። ፕላስቲኩ የመጠጠው የቀለም ሽታም ሆነ የድሮው ቆርቆሮ የተበየደበት እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አይተንም። የቆርቆሮዎቹን ባልዲዎች አበባ ይትከሉባቸው። ለሳፕ የምግብ ፕላስቲክ ይፈልጉ፤ ዳቦ ቤቶች ክሬም የሚመጣላቸውን ባልዲ በነጻ ወይም በጥቂት ገንዘብ ይሰጣሉ፤ የ4 ሊትር የውሃ ጀሪካንም ይሆናል። ክዳን ግድ ነው፤ ዝናብ ሳፑን ያቀጥነዋል፣ የእሳት ራትም ጣፋጩን ብላ ትሰምጥበታለች።

ስፓይል የሚባለው ዛፉ ውስጥ የሚገባ አጭር ቱቦ ነው። 5/16 ኢንች የሚለውን (8 ሚሊ ሜትር ገደማ) ይግዙ፤ የድሪሉም ጫፍ ልክ ያንኑ ቁጥር ይሁን። አዲስና የተሳለ ካልሆነ እንጨቱን ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረ ቀዳዳ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ድሪሉ ጫፍ ላይ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ለክተው ቀይ ፕላስተር ይጠምጥሙ፤ ከዚያ በላይ አይግቡ። ፀሐይ በሚያገኘው የግንዱ ጎን፣ ከወፍራም ሥር በላይ ወይም ከትልቅ ቅርንጫፍ በታች፣ ወገብ ከፍታ ላይ ይብሱ። በረዶ ላይ ቆመው ከሆነ ሲቀልጥ ባልዲው ከራስዎ በላይ እንዳይሆን ያስቡበት። ድሪሉ በጥቂቱ ወደ ላይ ያዘነበለ ይሁን፤ ሳፑ ወደ ውጭ እንዲወርድ። ማሽኑን ሳያጠፉ ቀጥ አድርገው ይሳቡት፣ ፍርፋሪውን ይዞት እንዲወጣ። በአፍ እፍ ማለት የለም።

አሁን ፍርፋሪውን መዳፍዎ ላይ ይዩት። ነጭ ወይም እንደ ክሬም ያለ፣ እርጥብ ከሆነ ሕያው እንጨት ነው። ቡናማ ከሆነ የአሮጌ ቀዳዳ ጠባሳ ውስጥ ገብተዋል፤ ፈቀቅ ይበሉ። ስፓይሉን በቀላል መዶሻ መታ መታ ያድርጉት፤ ድምፁ ከድፍን ‹ዱብ› ወደ ጠንካራ ‹ጠቅ› ሲለወጥ ያቁሙ። አንድ ምት ከጨመሩ እንጨቱ ይሰነጠቅና ሳፑ በስፓይሉ ጎን ግንዱ ላይ ይወርዳል። ብዙ ጀማሪ ‹ዛፌ አያፈስም› የሚለን በዚህ ነው። ግንዱ በረዶ ሆኖ ሳለ መብሳትም ያሰነጥቃል፤ ረፋድ ላይ ይሥሩ።

የተሰበሰበውን እንደ ወተት ይያዙት። ከ4 ዲግሪ በታች፣ በረዶ ውስጥ ቀብረውም ቢሆን፣ ከሦስት አራት ቀን በላይ አያቆዩት። ጠዋት ባልዲው ላይ የበረዶ ንጣፍ ካገኙ አውጥተው ይጣሉት፤ ስኳሩ አብዛኛው ከሥር ባለው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚቀር ያለ ጋዝ ውሃ ቀነሱ ማለት ነው።

«በወጥ ቤቴ ምድጃ ላይ 40 ሊትር ማፍላት እችላለሁ? ጊዜ አለኝ፤ ትልቅ የድግስ ድስትም አለኝ።»
ከቶሮንቶ፣ ካናዳ

ጊዜው ሳይሆን እንፋሎቱ ነው ችግሩ። 39 ሊትር ውሃ ወደ ጣሪያዎና ወደ ግድግዳዎ ይሄዳል፤ ቀለም ይነሳል፣ ወረቀት ይላጣል። አምስት ስድስት ሊትር ለሙከራ ከሆነ መስኮት ከፍተው ይሞክሩት፤ ከዚያ በላይ ግን ውጭ ነው።

ለ40 ሊትር በኤሌክትሪክ ምንም ባይባክን እንኳ 30 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በፕሮፔን ከሆነ፣ ውጭ ላይ አብዛኛው ሙቀት ለነፋስ ስለሚሄድ፣ የባርቤኪው ሲሊንደሩን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይበላል። የተገዛ ነዳጅ ይዘው ለቁጠባ ብለው የሚገቡበት ሥራ አይደለም፤ እንጨት በነጻ ያለው ሰው ብቻ ያዋጣዋል። ፕሮፔኑን በጋራዥ ወይም በቤዝመንት አይለኩሱ፤ ሽታ የሌለው ጭሱ ሰው ይገድላል።

የድግሱን ድስት ይተዉት፤ ጥልቅና ጠባብ ነው። ውሃ የሚተነው ከላይ ነውና ስፋት ይፈልጋል። ምግብ ቤቶች የሚጠቀሙበት፣ 33 በ53 ሴንቲሜትር የሆነ የማይዝግ ብረት ትሪ በብሎኬት በተሠራ ምድጃ ላይ ከተቀመጠ በኃይለኛ እሳት በሰዓት ከ4 እስከ 6 ሊትር ያተናል። ሁለት ትሪ ካለዎት በአንዱ ሳፑን እያሞቁ ወደሚፈላው ይጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ሳፕ በአንድ ጊዜ ከደፉበት ፍሉ ይቆማል፣ ነዳጅ ይባክናል። ጥልቀቱ ከ4 ሴንቲሜትር እንዳይወርድ ይጠብቁ፤ ካነሰ ጠርዙ ያርራል፤ ያረረ ሲረፕ ደግሞ ማዳኛ የለውም። 40ው ሊትር ወደ 7 ሊትር ሲወርድ ወደ ትንሽ ድስት ገልብጠው ወጥ ቤት ያስገቡት። የቀረው ሥራ በእርጋታ፣ በለሆሳስ እሳት ነው።

«ሁሉም ቦታ የሚጽፉት 219 ፋራናይት ነው። እኔም ልክ 219 ላይ አወረድሁት። ከሁለት ወር በኋላ ጠርሙሱ ሥር እንደ ድንጋይ ያለ ስኳር ጋገረ። ቴርሞሜትሬ አዲስ ነው። የት ጋ ተሳሳትሁ?»
ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

የተሳሳተው ቁጥሩ ነው። ሲረፕ የሚደርሰው 219 ላይ ሳይሆን ውሃ ከሚፈላበት 7 ዲግሪ ፋራናይት (4 ሴንቲግሬድ ገደማ) ከፍ ሲል ነው። 219 የሚሆነው ውሃ 212 ላይ በሚፈላበት በባሕር ጠለል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ሴንቲግሬድ ገደማ እንደሚፈላ ያስታውሱ፤ ነገሩ ያው ነው፣ መጠኑ ግን ያንሳል። የእርስዎ ከተማ ከባሕር ጠለል 250 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ውሃ 210.5 ገደማ ላይ ይፈላል፤ የእርስዎ ሲረፕ የደረሰው 217.5 ላይ ነበር። አንድ ዲግሪ ተኩል ጨመሩበት። አንድ ዲግሪ ተኩል ለወጥ ምንም ነው፤ ለሲረፕ ግን ብዙ ነው። ጥሩ ሲረፕ ከክብደቱ ከመቶ 66 ወይም 67 ስኳር ነው፤ የቬርሞንት ሕግ 66.9 ይጠይቃል። ከ66 ካነሰ ይሻግታል፤ 68ን ካለፈ እንደ እርስዎው ጠርሙስ ይጋገራል።

የከተማው ከፍታ ብቻም አይደለም። ዝናብ ሊጥል ሲል የአየር ግፊት ይወርድና ውሃ አንድ ዲግሪ ቀደም ብሎ ይፈላል። ስለዚህ ሲረፕ በሚያወርዱበት ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቴርሞሜትር መጀመሪያ ንጹህ ውሃ ያፍሉና ቁጥሩን ይጻፉ። በዚያ ላይ 7 ይደምሩ። ቴርሞሜትሩ ራሱ የሚዋሽ ቢሆን እንኳ ሁለቱም ጊዜ እኩል ስለሚዋሽ ልዩነቱ እውነት ይሆናል። ጫፉ የድስቱን ሥር እንዳይነካ፤ ብረቱን እንጂ ሲረፑን አይለካም።

ቴርሞሜትሩን የሚያረጋግጥልዎ የሲረፕ ሃይድሮሜትር፣ ማለትም እየተንሳፈፈ የሲረፑን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ነው። ረጅም ጠባብ የብረት ኩባያ በሚፈላው ሲረፕ ይሙሉና ያንሳፍፉት፤ ቀዩ መስመር ከፈሳሹ ጋር ሲስተካከል ደርሷል። ቀዩ ለትኩስ ነው፤ ሲረፑ ከበረደ ሌላውን መስመር ያንብቡ። ትኩሱን በቀዝቃዛው መስመር ለክቶ ሲረፑን ድንጋይ ያደረገ ብዙ ነው። መሣሪያ የሌለው ሰው ማንኪያ ነክሮ ወደ ጎን ያዘንብለዋል፤ ጠብታዎቹ ተያይዘው እንደ መጋረጃ ከወረዱ ቀርቧል። ይህ ለመጠንቀቂያ እንጂ ለመጨረሻ ውሳኔ አይሆንም።

የመጀመሪያዎቹ 30 ሊትሮች ሰዓታት ይፈጃሉ፤ የመጨረሻዋ ዲግሪ በትንሽ ድስት ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ናት። ያን ጊዜ ስልክ አይነሳም፣ በር አይከፈትም።

የጋገረውን ለማስተካከል ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁመው ያሟሙት፤ ድስት ውስጥ ገልብጠው በሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ውሃ ይጨምሩና በሃይድሮሜትር እየለኩ እንደገና ያፍሉት። ጠርሙሱ ሥር ጠጠር ሆኖ የቀረውን ልጆች ይጨርሱታል።

«ሲረፔ ጭጋጋማ ነው፤ ሥሩ ላይም አሸዋ አለው። በቡና ማጣሪያ ወረቀት ሞከርሁ፤ በሁለት ደቂቃ ተደፈነ።»
ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

አሸዋው ቆሻሻ አይደለም፤ ከዛፉ የመጣ ማዕድን፣ በዋነኛነት ካልሲየም ማሌት የተባለ ጨው፣ ሲረፑ ሲወፍር ተለይቶ የወጣ ነው። አይጎዳም፤ ጥርስ ላይ ግን ያንቀጫቅጫል። የቡና ወረቀትና ሻሽ አይሆኑም፤ አንዱ ይደፈናል፣ ሌላው ያሳልፈዋል። ለዚሁ የተሠራ የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ወፍራም ከረጢት ይግዙ፤ በውስጡ ስስ ማጣሪያ ይደርቡ። ደረቁን ከረጢት ሲረፑ ይጠጣዋልና መጀመሪያ ፈልቶ በወረደ ውሃ ነክረው ይጭመቁት። ሲረፑ ከምድጃ እንደወረደ ያፍስሱ። ሲያልፍ ከረጢቱን መጭመቅ የለም፤ አሸዋውን ይገፉታል። ከረጢቱ ከሌለዎት ሲረፑን ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቁመው ከላይ ጥሩውን ቀስ ብለው ይቅዱ፤ ጠላ ከአተላው እንደሚቀዳ።

ወደ ጠርሙስ ሲገባ ከ82 እስከ 88 ሴንቲግሬድ (180–190 ፋራናይት) ይሁን። ካነሰ ሻጋታ ይተርፋል፤ መልሰው ካፈሉት ደግሞ አዲስ አሸዋ ይሠራል። ክዳኑን ዘግተው ለሁለት ደቂቃ ያጋድሙት፣ ትኩሱ ክዳኑንም እንዲያጸዳው። የተከፈተ ጠርሙስ ቦታው ፍሪጅ ነው።

«አረፋው ገንፍሎ ምድጃዬን ሞላው። ጓደኛዬ ‹ቅቤ ጣል አድርጊበት› አለችኝ፤ ሁዳዴ ላይ ሆኜ እንዴት አደርገዋለሁ?»
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

የሳፕ ወቅት ከሁዳዴ ጋር መገጣጠሙ የተለመደ ነው። ስንጥር ዘይት ውስጥ ነክረው በጫፉ አረፋውን ይንኩት፤ ወዲያው ይሰክናል። ሥራውን የሚሠራው ስብነቱ ስለሆነ ዘይት ከቅቤ አያንስም። ኑግና ሰሊጥ ግን ጣዕማቸውን ይጥላሉ፤ የሱፍ ዘይት ይሁን። ከአንድ ሁለት ጠብታ በላይ ከጨመሩ ሲረፑ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሲቆይም ያስጠላል።

«የአምናው የመጨረሻ ባልዲ ሲረፕ የጎመን ቅቅል ይሸታል። ድስቱ ንጹሕ ነበር።»
ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ

ድስቱ ሳይሆን እንቡጡ ነው። ዛፉ ቅጠል ሊያወጣ እንቡጡ ሲያብጥ የሳፑ ውስጥ ነገር ይለወጣል፤ ሲፈላ የሚሸተው እሱ ነው። ማጣራትም ማፍላትም አያድነውም። ቀይና የብር ሜፕል ከስኳር ሜፕል ይቀድማሉ። ምልክቱ የከተማ ሰው ሳይቀር የሚሰማው ነው፤ እንቁራሪቶቹ መጮህ ሲጀምሩ፣ ሌሊቱም ከዜሮ በላይ ማደር ሲይዝ መጨረሻው ደርሷል። ጥርጣሬ ካለዎት ከእያንዳንዱ ቀን ሳፕ አንድ ሲኒ ለብቻው አፍልተው ያሽትቱ። ሳፑ ቢጫ ሆኖ እንደ ተልባ ከተሳበ ደግሞ ባልዲው ሞቆ ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ ይድፉት።

ስፓይሉን ያን ዕለት ይንቀሉ። ቀዳዳውን በሰምም በእንጨትም አይወትፉ፤ ዛፉ ራሱ ያውቅበታል። ዕቃውን በሙቅ ውሃ ብቻ ይጠቡ፤ የሳሙናው ሽቶ ከርሞ ሲረፑ ላይ ይመጣል።

«ለስኳር ሕመምተኛ ከነጭ ስኳር ይሻላል ይባላል፤ እውነት ነው?»
ስም ያልጠቀሱ አንባቢ

አይደለም። በውስጡ ያለው ስኳር ከሞላ ጎደል ያው የሻይ ስኳር ነው። ጥቂት ማዕድን አለው፤ ለዚያ ብሎ መጠጣት ግን አያዋጣም።

«በማር ፈንታ በሜፕል ሲረፕ ጠጅ ይጣላል?»
ከዋሽንግተን ዲሲ

ይጣላል፤ ጠጅ መባሉ ላይ ግን አማትዎ ሊከራከሩ ይችላሉ። ማር ከመቶ 80 ገደማ ስኳር ስለሆነ በ1 ኪሎ ማር ቦታ 1.2 ኪሎ፣ ማለትም 900 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲረፕ ያስፈልጋል። ሲረፕ ከማር የበለጠ ውሃ ስላለው፣ ከሚጨምሩት ውሃ አንድ ብርጭቆ ይቀንሱ። ጌሾው እንደወትሮው። ሲፈላ ጣፋጩ ያልቅና የሚቀረው የእንጨት ቃና ነው፤ ስለዚህ በወቅቱ መጨረሻ የሚገኘው ጥቁሩ ሲረፕ ከወርቃማው ይሻላል። የእኛ ምርጫ ግማሽ በግማሽ ነው፤ 500 ግራም ማርና 450 ሚሊ ሊትር ሲረፕ። የማሩ ሽታ ይቀራል፣ ሜፕሉ ከኋላ ይመጣል። ፍላቱ ሳያልቅ በጠርሙስ አይድፈኑት፤ ይፈነዳል።

«እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። የእኛም ሌሊት ውርጭ ነው፣ ቀኑ ፀሐይ ነው፤ እናንተ የምትሉት የአየር ጠባይ ማለት ነው። ዘሩን አስመጥቼ ብተክል ሳፕ ይሰጠኛል?»
ከደብረ ብርሃን

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን አይሰጥም ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ ጎህ ሲቀድ ሳሩንና ባቄላውን ይመታል፤ 30 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለውን ግንድ ውስጡ ድረስ ለማቀዝቀዝ ግን ሰዓቱም ብርዱም አይበቃም። ሁለተኛ፣ የስኳር ሜፕል ለወራት የዘለቀ ክረምት ውስጥ ካልተኛ በፀደይ እንቡጡን በወጉ አይከፍትም። ሦስተኛ፣ በአገሩ እንኳ ለመበሳት 30 እና 40 ዓመት ይፈጅበታል።

አገራችን ውስጥ የሚቆረጥ ዛፍ አለ፤ መተማና ሁመራ ላይ የዕጣን ዛፍ ቅርፊቱ ‹መንጋፍ› በሚባለው መሣሪያ ይጫራል። ነገሩ ግን ለየቅል ነው፤ ዕጣን ከቅርፊት የሚወጣ ሙጫ ነው፣ በበጋ ይለቀማል፣ ውርጭም አይፈልግም። ብርድ የሚወድ፣ ደጋ ላይ የሚያፈራ ዛፍ ካማረዎት አፕል ይትከሉ፤ አና እና ዶርሴት ጎልደን የተባሉት ዝርያዎች ረጅም ክረምት አይጠይቁም፤ ችግኝ ከጨንቻ ይገኛል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያድርጓቸው፤ አንዱ ካንዱ ካልተዳቀለ ፍሬው ይሳሳል።